የጭቃ ዝሆን ጣዖት ነውን?

የሰንበት ትምህርት እየተማራችሁ ካደጋችሁ ዐሥርቱን ትእዛዛት በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ያጠናችሁበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ሁለተኛው ትእዛዝ በሰማይም ሆነ በምድር ወይም በውኃ ውስጥ ያለን ነገር አስመስሎ መቅረጽን ይከለክላል። ብዙዎቻችን ይህን ትእዛዝ ካጠናንበት ቀን ጀምሮ «ይህኛውንስ አልፌዋለሁ» ብለን አስቀምጠነዋል። ቤታችን ውስጥ ጣዖት የለም፤ ዛፍ ሥር ሄደን ቅቤ አንቀባም፤ ስለዚህ ትእዛዙ የሌላ ሰው ነው ብለን እናስባለን። ዛሬ ግን ይህንኑ ትእዛዝ ይዘን ወደ ባቢሌ እንሂድ።

ባቢሌ ከሐረር በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ኦቾሎኒዋን፣ የማዕድን ውኃዋንና የግመል ገበያዋን የማያውቅ የዚያ መንገድ ተጓዥ ጥቂት ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲባል በዳካታ ሸለቆ አንዱ በአንዱ ላይ የተቀመጡ፣ አሁን ወደቁ አሁን የሚያሰኙ ታላላቅ ድንጋዮች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመውና በስሟ የሚጠራው የዝሆን መጠለያም አለ፤ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ዝሆኖች ዛሬም ይንቀሳቀሳሉ።

እዚያች ከተማ አንዲት ወጣት እኅት አለች እንበል። የአውራ ጣት የሚያህሉ ዝሆኖችን፣ ግመሎችንና ጥላ የያዙ ሴቶችን በእጇ እየሠራች ለመንገደኛ ትሸጣለች። በገንዘቡ ለታናሽ ወንድሟ ደብተር ትገዛለች፤ ለቤትም ትደጉማለች። አንድ እሑድ ከጉባኤው በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ወደ ጎን ጠርተው «ልጄ፣ ይህ የምትሠሪው የተቀረጸ ምስል ነው፤ ተዪው» ይሏታል። እኚህ አባት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስለ ነፍሷ ፈርተው ነው። እኛ ምን እንመልሳለን? ጥያቄው ቀላል አይደለም። እርሳቸው ትክክል ከሆኑ እኅታችን ሥራዋን ዛሬውኑ መተው አለባት። ካልሆኑ ግን እግዚአብሔር ያልጫነውን ሸክም በትከሻዋ ላይ ጭነዋል፤ እንጀራዋንም ወስደውባታል።

በመጀመሪያ ሥራዋን እንወቀው፤ የማናውቀውን ሥራ መፍረድ ተገቢ አይደለምና። የምትሠራበት ነገር ፖሊመር ክሌይ ይባላል። ስሙ ጭቃ ይሁን እንጂ አፈር የለበትም። የውኃ ቧንቧ ከሚሠራበት ከፒቪሲና ከሚያለሰልሰው ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ ፕላስቲክ ነው። ታሪኩ ከአሻንጉሊት ጋር የተያያዘ ነው፤ የጀርመናዊቷ አሻንጉሊት ሠሪ የኬተ ክሩዘ ልጅ ያዘጋጀችው ዓይነት በ1960ዎቹ ፊሞ በሚል ስም ለገበያ ቀርቧል። እንደ ሸክላ አየር ላይ አይደርቅም። እንደየዓይነቱ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ኦቨን ውስጥ ሲጋገር ይጠነክራል።

ዝሆኑን ስትሠራ መጀመሪያ ጭቃውን በእጇ እያሸች ታለሰልሰዋለች፤ ያልታሸ ጭቃ ይሰነጠቃል። ለሆዱ ፎይል ጨምድዳ ታድበለብላለች፤ በላዩም ጭቃውን በቀጭኑ ታለብሰዋለች። ፎይሉ ክብደቱን ይቀንሳል፤ ጭቃውንም ይቆጥባል። ለኩምቢው ቀጭን ሽቦ ታስገባለች። እግሮቹን ወፍራም ካላደረገቻቸው ኦቨን ውስጥ ይጎብጣሉ፤ ጆሮዎቹን ስታጣብቅ መጋጠሚያውን በደንብ ካልዳመጠችው ከጋገረች በኋላ ይወልቃሉ። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ አስቀድሞ የሚያርረው ቀጭኑ ጆሮና ጥርሱ ነው። ጨርሶ ከተቃጠለ ደግሞ የሚያፍን መርዛማ ጭስ ይወጣዋል፤ ስለዚህ መስኮት ትከፍታለች፤ ጭቃው የነካውንም ዕቃ ለምግብ አትጠቀምበትም። ይህ ሁሉ ትዕግሥትና ጥንቃቄ የሚጠይቅ የእጅ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ትእዛዙ እንመለስ። ዘጸአት 20ን ያነበበ ሰው እዚያው ማቆም የለበትም። ትእዛዙ ራሱ ወዲያው ቀጥሎ ስለ መስገድና ስለ ማምለክ ይናገራል። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 25 ላይ እግዚአብሔር ራሱ ሙሴን በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት ኪሩቤል ከወርቅ እንዲሠራ ያዘዋል። በምዕራፍ 28 የሊቀ ካህናቱ ልብስ ጫፍ ላይ የሮማን ፍሬ አምሳያ ይደረጋል። በምዕራፍ 31 ደግሞ ባስልኤል የተባለ ሰው በስሙ ተጠርቶ፣ በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት። ልብ በሉ፤ ባስልኤል ሰባኪ አልነበረም፤ ዘማሪም አልነበረም። የእጅ ባለሙያ ነበር። ሰሎሞን የሠራው ታላቅ የውኃ ገንዳም በ12 የናስ በሬዎች ጀርባ ላይ ያረፈ ነበር (1 ነገሥት 7)።

በሬው በምድር ካለው ነገር አንዱ ነው፤ ሮማኑም እንዲሁ። የተከለከለው ቅርጹ ራሱ ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር በአንድ እጁ የከለከለውን በሌላ እጁ አዝዟል ማለት በሆነ ነበር። እርሱ ግን ከራሱ ጋር አይጣላም። ስለዚህ የተከለከለው ልንሰግድለት፣ ልንታመንበትና የእግዚአብሔርን ስፍራ ልንሰጠው የምንሠራው ምስል ነው። የባቢሌዋ እኅት የምትሠራው ዝሆን ግን ሕፃን የሚጫወትበት፣ መንገደኛ ለመታሰቢያ የሚወስደው ነገር ነው። እረኛ ልጆች ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬና ላም ሲሠሩ ጣዖት ሠሩ የሚል አባት አላየሁም።

እዚህ ላይ «ነጻ ወጣን» ብላችሁ መጽሔቱን እንዳትዘጉት። አንድ ሌላ ምስል አለ፤ እርሱን ሳናይ ብናልፍ ራሳችንን እናታልላለን።

በዘኍልቁ 21 ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የናስ እባብ ሠርቶ በዓላማ ላይ ሰቀለ። ያየውም ሁሉ ዳነ። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ መነሻ ያለው የእጅ ሥራ ከየት ይገኛል? ሆኖም መቶዎች ዓመታት አልፈው በ2 ነገሥት 18 ስናገኘው ሕዝቡ ያጥንለት ነበር፤ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው፤ ነሑሽታን ተባለ። ናሱ ያው ናስ ነው። ቅርጹም አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያየው ሰው ልብ ነው። እንግዲህ «ምስሉ ምን ይመስላል?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሰው፣ ከልካይም ይሁን ፈቃጅ፣ ቦታውን ስቷል። በትእዛዝ የተሠራ ነገር ጣዖት ሊሆን ከቻለ፣ ለጨዋታ የተሠራ ነገርማ እንዴት አይሆንም?

ለአሻንጉሊት ማን ያጥናል ትሉኝ ይሆናል። ጳውሎስ ግን በቆላስይስ 3:5 መጐምጀትን ጣዖትን ከማምለክ ጋር አንድ ያደርገዋል። ዛሬ በዓለም ገበያ ለመሰብሰብ ተብለው የሚሠሩ ትንንሽ ምስሎች አሉ። አንዳንዶቹ በታሸገ ካርቶን ይሸጣሉ፤ ገዢው ሣጥኑን እስኪከፍት ድረስ የትኛው እንደ ደረሰው አያውቅም፤ የጎደለውን ለማግኘት ደግሞ ይገዛል። በብዙዎቻችሁ ስልክ ላይ የታየው ላቡቡ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ቤጂንግ ውስጥ በተደረገ ጨረታ የልጅ ቁመት ያለው አንድ ላቡቡ ከ1 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ተሸጧል። ያ አሻንጉሊት የተሠራበት ነገር ይህን ያህል አያወጣም። ዋጋው ያለው ሌላው ሰው ስለሌለው ነው።

መሰብሰብ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እናቶቻችን ሳሎን ያለው ብፌ መስታወት ውስጥ ከሲኒው ጎን ትንንሽ ጌጣ ጌጥ ይደረድራሉ፤ ለእንግዳ ያሳያሉ፤ በዚህም ቤቱ ያምራል። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ስጡት። ጎረቤት ልጅ «ይቺን ዝሆን ስጠኝ» ቢላችሁ እጃችሁ ይዘረጋል ወይስ ይጨበጣል? የምንሰጠው ነገር የእኛ ነው። ልንሰጠው ያልቻልነው ነገር ግን እኛን ይዞናል። ያኔ ሕዝቅያስ መዶሻውን ይዞ ወደ እኛ ብፌ ሊመጣ ይገባል ማለት ነው።

ቀጥሎ የምንጠይቀው ምስሉ ምን ተከፍሎበት እንደ ተሠራ ነው። ለዚህ ከባቢሌ የተሻለ አስተማሪ ቦታ የለም። ለብዙ ዘመናት ትንሽ የዝሆን ምስል የሚቀረጸው ከራሱ ከዝሆን ጥርስ ነበር። ጥርሱ የሚገኘው ዝሆኑ ሲገደል ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ዝሆን እንዲቆምለት ሸለቆው ውስጥ የሚሄደው ዝሆን ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 መንግሥት ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥሏል፤ በክምሩ ውስጥ ያልተጠረበ ጥርስ ብቻ ሳይሆን የአንገት ጌጥና ትንንሽ ቅርጻ ቅርጾችም ነበሩበት። የእሳቱ ትርጉም ግልጽ ነበር፦ ይህ ጌጥ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም፤ ስለ እርሱ ማንም አይግደል።

ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 6 በዝሆን ጥርስ ባጌጠ አልጋ ላይ የሚተኙትን ሲገሥጽ፣ ጥፋታቸው አልጋ መውደዳቸው ብቻ አልነበረም። ስለ ወገናቸው መከራ አለማዘናቸው ነበር። ውብ ነገር ይዞ ስለ ተከፈለበት ዋጋ አለማሰብ አሮጌ በሽታ ነው። በዚህ ሚዛን የእኅታችን ዝሆን የቀለለ ሸክም አለው፤ ለእርሱ ሲባል የወደቀ እንስሳ የለም። ቢሆንም ፖሊመር ክሌይም ፕላስቲክ ነው፤ ሲጣል አይበሰብስም። ስለዚህ ቁርጥራጩን ሰብስባ ለሌላው ምስል ሆድ ብትጠቀምበት፣ ሊቆይ የሚገባውን እንጂ ነገ የሚጣለውን ባትሠራ መልካም ነው። ያለ ዋጋ የሚመጣ ነገር በምድር ላይ የለም። ክርስቲያን የሆነ ባለ እጅ ዋጋውን ያውቃል፤ በዋጋው ልክም ይጠነቀቃል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይልቅ ያማል። ስለ ምስሉ ብዙ እንጨነቃለን፤ ምስሉን ስለሠራው እጅስ?

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች እዚያ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ምጣዱ፣ ጀበናው፣ እንስራው ከእጃቸው ይወጣ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጎብኚ እየበዛ ሲመጣ ደግሞ ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን ሠሩ፤ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። በኩበትና በማገዶ እሳት የተተኮሱት እነዚህ ምስሎች ባሕር ተሻግረው በብዙ አገር መደርደሪያ ላይ ቆመዋል። የእኛ አገር የእጅ ምስል ታሪክ ሲነሣ ወለቃን መዝለል አይቻልም።

ነገር ግን እነዚያ እጆች ምን ይባሉ ነበር? ቡዳ። ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ በብዙ የአገራችን ክፍል ይፈራና ይናቅ ነበር። ሰዉ በእርሷ ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ይበላል፤ ከእርሷ ጋር ግን በአንድ ማዕድ አይቀመጥም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጁ አፍን ቢያስፈራም ልብን አልለወጠም፤ ስድቡ ቀጠለ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ዘመቻ ሰሎሞን በተባለው ጉዞ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የሄዱት ወደ ተስፋቸው ነው፤ ጥለውት የሄዱት ግን መንደራቸውን ብቻ አልነበረም፤ ያንን ስምም ነበር።

እስቲ ይህን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አስተያዩት። ዘፍጥረት 2 ላይ እግዚአብሔር ሰውን ከምድር አፈር ሲያበጀው የተጻፈው የዕብራይስጥ ግስ ሸክላ ሠሪ ለሚሠራው ሥራ የሚነገረው ግስ ነው። ኤርምያስም በምዕራፍ 18 የእግዚአብሔርን ቃል እንዲሰማ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ፈጣሪ ስለ ራሱ ሊነግረን ሲፈልግ የመረጠውን ሙያ እኛ መሳደቢያ አደረግነው።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። እግዚአብሔር በገዛ እጁ የሠራው፣ በራሱ መልክና ምሳሌ ያበጀው አንድ ምስል በምድር ላይ አለ፤ እርሱም ሰው ነው። ያዕቆብ በምዕራፍ 3 በአንድ አፍ እግዚአብሔርን እየባረክን በእርሱ አምሳል የተፈጠረውን ሰው መራገም እንደማይገባ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። እንግዲህ የሸክላውን ምስል ጣዖት ነው ብለን ሸሽተን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ነሽ ብለን ከገፋናት፣ የትኛውን ምስል ነው ያከበርነው? የትኛውንስ ነው የሰበርነው? ሁለተኛውን ትእዛዝ ጠብቀናል ብለን ስንኮራ የእግዚአብሔርን ምስል ረግጠን ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ጎረቤት ነው። ባቢሌ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም የሆነባት ከተማ ናት። በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ የሕያው ፍጡርን ምስል በተመለከተ ጥንቃቄ አለ፤ በልጆች መጫወቻ ላይም ሊቃውንታቸው ብዙ ተነጋግረዋል። በጉባኤያችንም ውስጥ ከባዕድ አምልኮ የወጡ፣ ማንኛውም ምስል የቀድሞውን ፍርሃት የሚቀሰቅስባቸው ወገኖች ይኖራሉ። ጳውሎስ በ1 ቆሮንቶስ 8 ጣዖት ከንቱ መሆኑን አስተምሮ ሲያበቃ፣ ወዲያው እውቀት ብቻውን እንደማይበቃና ፍቅር እንደሚበልጥ ይናገራል። ስለዚህ እኅታችን ነጻ ብትሆንም ዝሆኖቿን በሚያዝን ሰው ዓይን ፊት አትደረድርም፤ ጎረቤቷ ቤት ስትገባ ስጦታውን መርጣ ትይዛለች። ሐርር ያለ ጀበና ቡና ይዞ መሄድ ይበቃል። ያ ፍርሃት ሳይሆን አክብሮት ነው። በሌላ ወገን ሮሜ 14 የደካማው ሰው ሕሊና የሌላው ሰው ሕግ እንዲሆን አይፈቅድም። እኚያ አባት «እኔን ይከብደኛል» ማለት ይችላሉ፤ እኅታችንም ልትሰማቸው ይገባል። «እግዚአብሔር ከልክሎሻል» ለማለት ግን ቃሉ ሊደግፋቸው ይገባል፤ ቃሉም አይደግፋቸውም።

ታዲያ እናንተስ? አብዛኞቻችሁ ምስል ሠሪዎች አይደላችሁም፤ ገዢዎች ናችሁ፤ ወይም እንዲህ ያለውን ሥራ የምታወድሱ ወይም የምትነቅፉ ናችሁ። በእጅ የተሠራ ነገር ስትገዙ ዋጋውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ከመከራከራችሁ በፊት ስንት ሰዓት እንደ ወሰደ ጠይቁ። የሠራውን ሰው ስም ጠይቁ። የሠራተኛ ደመወዝ ሲጓደል ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ጽፏል፤ ገበያ ላይ የተጓደለ ዋጋ ከዚህ ውጭ አይመስለኝም። እጃችሁ ለሥራ የተሰጠ ከሆነም በሐቅ ሥሩ። ፕላስቲኩን አጥንት ነው ብላችሁ አትሽጡ፤ የሌላውን ሰው ቅርጽ ገልብጣችሁ የራሴ ነው አትበሉ፤ የተሰነጠቀውን በቀለም ሸፍናችሁ አታሳልፉ። ማንም በማያየው በዝሆኑ እግር ሥር ያለውን ለስላሳ የሚያደርግ ሰው ማን እንደሚያየው ያውቃል።

ለአባቶቻችንም አንድ ቃል አለኝ፤ በአክብሮት እላለሁ። በአንድ ልጅ እጅ ላይ የማታውቁትን ነገር ባያችሁ ጊዜ ከመከልከላችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡ፤ እንዴት እንደሚሠራ ይንገራችሁ። ባስልኤልን በስሙ የጠራው አምላክ ዛሬም በየመንደሩ ስም ያላቸው ባለ እጆች አሉት። ከመካከላቸው አንዷ ምናልባት በእናንተ ጉባኤ በኋለኛው ወንበር ተቀምጣ፣ ጥፍሯ ሥር የቀረውን ጭቃ በቀሚሷ ደብቃ ይሆናል። እንዳትደብቀው አድርጉ።